ግማሹ ኩሬ፣ ግማሹ ጫካ፦ ስለ ትልቅ ፓሉዳሪየም ጠይቃችሁናል

የዛሬው አምድ በሙሉ ስለ ፓሉዳሪየም ነው። ፓሉዳሪየም ከታች ዓሣ የሚዋኝበት ውሃ፣ ከላይ አፈርና እጽዋት፣ አንዳንዴም የየብስ እንስሳት የሚኖሩበት የመስታወት ሣጥን ነው። የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መስታወትና ስለ ፓምፕ ያነሣሉ። ነገሩን ስናየው ግን ችግሩ የሚነሣው ውሃና ምድር ከሚገናኙበት ዳርቻ ነው። መልሶቻችንም ወደዚያው ያደላሉ።

ጥያቄ፦ ርዝመቱ 180፣ ስፋቱ 60፣ ከፍታው 100 ሴ.ሜ. የሆነ ፓሉዳሪየም ላሠራ አስቤአለሁ። ዓሣ፣ እንቁራሪትና ትንሽ የውሃ ኤሊ አብረው እንዲኖሩበት እፈልጋለሁ። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስታወት ቤቱ 6 ሚሊ ይበቃል ብሎኛል። ከምን ልጀምር?
— አንባቢ፣ አያት ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ወደ መስታወት ቤቱ ከመመለስዎ በፊት የእንስሳቱን ነገር ይጨርሱ። ኤሊውን ከዝርዝሩ ያውጡት። ጆሮው ላይ ቀይ መስመር ያለው የውሃ ኤሊ ሲሸጥ የክብሪት ሣጥን ቢያክል ነው፤ ሲያድግ ግን ከ20 እስከ 30 ሴ.ሜ. ይደርሳል። ዓሣውን ይበላል፣ ተክሉን ይነቅላል፣ ውሃውንም ማጣሪያው ከሚችለው በላይ ያቆሽሻል። ኤሊ የራሱ ገንዳ ያስፈልገዋል። ስለ እንቁራሪት ከታች ለባሕር ዳሩ አንባቢ የሰጠነውን መልስ ይመልከቱ።

ብዙ ዓይነት እንስሳ ማኖር የሚቻለው ፎቅ በፎቅ ሲሆን ነው፤ እርስዎም የሚኖሩት እንደዚያው ስለሆነ ነገሩ አይጠፋዎትም። ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ተከራይ፦ ለውሃው መሐል አንድ ዓይነት ዓሣ፣ ለታችኛው ወለል ሽሪምፕ ወይም ቀንድ አውጣ፣ ለምድሩ አንድ ዓይነት፣ ለቅርንጫፉ አንድ ዓይነት። ሁለት ዓይነት በአንድ ፎቅ ካስገቡ ጠብ ይነሣል፤ አንዱ በሌላው አፍ የሚገባ ከሆነም መበላቱ አይቀርም። ለአዲስ አበባ ቅዝቃዜ የምንመርጠው ዓሣ ዜብራ ዳኒዮ ነው፤ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ፈጣንም ስለሆነ ለሌላ እንስሳ አይያዝም። ጉፒ ከፈለጉ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይጠብቁለት። ምድሩን ግን ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለእጽዋት ብቻ ይተዉት። የየብስ እንስሳ ጨርሶ የሌለበት ፓሉዳሪየም ጎዶሎ አይደለም፤ እንዲያውም ከምናውቃቸው ውብ ሣጥኖች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።

አሁን ወደ ክብደቱ እንሂድ። መስታወት በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። እርስዎ ባሉት ልክ አምስቱ ገጽ ተደምሮ 5.9 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሆን በ10 ሚሊ 147 ኪሎ ነው። ውሃው 22 ሴ.ሜ. ቢጠልቅ፣ ድንጋዩ የሚይዘው ቦታ ሲቀነስ፣ 200 ሊትር ማለትም 200 ኪሎ ይሆናል። እርጥብ አፈርና ጠጠር 55፣ ድንጋይና እንጨት 60፣ የብረት ማቆሚያው 40 ኪሎ ይጨምሩ። ሲደመር 500 ኪሎ በአንድ ካሬ ሜትር ገደማ ወለል ላይ ያርፋል ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ በብዛት የሚታሰበው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ማለት ወለሉ ወዲያው ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ ሸክሙ ከአንድ ቦታ አልፎ ይሰራጫል፤ ከግድግዳ ጥግ፣ ቢም ካለበት አጠገብ ሲቆም ደግሞ ከክፍሉ መሐል ይልቅ ይሻላል። ቢሆንም ሕንፃውን የሚያውቅ መሐንዲስ ሳያየው በዚህ ልክ አያሠሩ። መሐንዲስ ካላገኙ 120 በ50 በ80 ያድርጉት፤ ጠቅላላ ክብደቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

6 ሚሊ መስታወት 22 ሴ.ሜ. ውሃ ይሸከም ይሆናል። ነገር ግን በ180 ሴ.ሜ. ርዝመት ላይ ወደ ውጭ ይለጠጣል፤ ያኔ ተንሸራታቹ በር ሐዲዱ ውስጥ ይነክሳል፣ ማጣበቂያውም ከዓመት ዓመት ይደክማል። ወለሉንና የፊት የታችኛውን መስታወት 10 ሚሊ ያድርጉ። የፊተኛው ቋሚ ክፍል 40 ሴ.ሜ. ይሁን፤ በሩ ከዚያ በላይ ይጀምር። ማቆሚያውን በያጁ በ40 በ40 ሚሊ ካሬ ቱቦ ብረት ይሥራው፤ ከላዩ 18 ሚሊ ፕላይዉድ፣ ከፕላይዉዱ ላይ 2 ሴ.ሜ. ነጭ ፎም ያንጥፉ። ኤምዲኤፍ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ አይጠቀሙበት። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት፣ መቶ በመቶ ሲሊኮን የሆነ፣ የሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አለበት፣ ዓሣ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ ሰባት ቀን ይድረቅ፤ ከዚያ 30 ሴ.ሜ. ውሃ ሞልተው 48 ሰዓት ይፈትሹት።

ዋናው ሥራ ምድሩ ነው። ብዙ ሰው አፈሩን ከሣጥኑ ወለል ጀምሮ ቆልሎ በድንጋይ ይገድበዋል። እንዲህ ሲሆን ግማሹ ውሃ ይጠፋል፣ አፈሩም ረግረግ ይሆናል። እርስዎ ምድሩን እንደ መደርደሪያ ያንሡት። ከፒቪሲ ቱቦ 25 ሴ.ሜ. ቁመት ያላቸው እግሮች ይቁረጡ፤ በየ20 ሴ.ሜ. ያቁሟቸው፤ ውሃ እንዲያልፍባቸው ጎናቸውን ይብሱ። በላያቸው የፍሎረሰንት መብራት የሚሸፈንበትን ዓይነት የፕላስቲክ ፍርግርግ ያስቀምጡ። ውሃው 22 ላይ ስለሚቆም ከፍርግርጉ በታች የ3 ሴ.ሜ. አየር ይቀራል። ያቺ 3 ሴንቲ ሜትር የጠቅላላው ሥራ ቁልፍ ናት። በፍርግርጉ ላይ የወባ ትንኝ መከላከያ ዓይነት፣ ግን መድኃኒት ያልነካው መረብ፣ ከዚያ 3 ሴ.ሜ. የታጠበ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ ሌላ መረብ፣ ከዚያ 8 ሴ.ሜ. አፈር ይደርድሩ። ፑሚስም ይሆናል፤ ግን ይንሳፈፋልና ከመረቡ ካመለጠ ፓምፕ ውስጥ ይገባል። ለአፈሩ ሁለት እጅ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ)፣ አንድ እጅ የታጠበ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተፈጨ ከሰል፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ቅጠል ይቀላቅሉ። ፍግም ማዳበሪያም አይግባበት፤ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ወርደው አልጌ ያበቅላሉ።

የኋላውን ግድግዳ በስፕሬይ ፎም የሚሠሩ ከሆነ ፎም ለስላሳ መስታወት ላይ አጥብቆ አይይዝም፤ በውሃ ውስጥ ደግሞ ይንሳፈፋል። ከወራት በኋላ ግድግዳው ተላቆ ብቅ የሚለው በዚህ ነው። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ የሲሊኮን መስመሮች ያስምሩና ሲደርቁ ፎሙን በእነሱ ላይ ይንፉ፤ ከውሃ በታች ያለውን ክፍል ግን ከፎም ይልቅ በድንጋይ ይሥሩት።

ድንጋይ ሲመርጡ ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት፤ ከፈላ ኖራ አለበትና የውሃውን ማዕድን ያበዛዋል። ጥቁር ድንጋይ አያስቸግርም። ከእንጨት ጽድና ባሕር ዛፍ ይቅሩ፤ ሙጫና ዘይት አላቸው። ማንኛውንም እንጨት ልጡን ልጠው፣ ሁለት ሰዓት ቀቅለው፣ ውሃው ሻይ መምሰሉን እስኪቀንስ ድረስ ይዘፍዝፉት።

ማጣሪያው ውሃውን በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያዙረው፤ ለ200 ሊትር ከ800 እስከ 1,200 ሊትር ማለት ነው። ለፏፏቴው ሌላ ፓምፕ ይግዙ። ካርቶኑ ላይ ከፍተኛው ከፍታ 1.5 ሜትር ነው ካለ 1.5 ሜትር ላይ ውሃው ይቆማል ማለት ነው፤ 70 ሴ.ሜ. ላይ የሚደርሰው ከተጻፈው መጠን ግማሽ ያህሉ ነው። ማሞቂያ አንድ ባለ 200 ዋት ከሚሆን ሁለት ባለ 100 ይሁኑ፤ አንዱ ተጣብቆ ሳይጠፋ ቢቀር ዓሣውን አይቀቅለውም። ሁለቱንም አግድም፣ ውሃው በተነነ ጊዜ እንኳን ከማይጋለጡበት ጥልቀት ያስቀምጡ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት በርሜል አየር እየተነፋበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ የዓሣን ቆሻሻ የሚያጠራው ባክቴሪያ እስኪራባ ይጠብቁ፦ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም እስኪሆን ይጨምሩና በየሁለት ቀኑ ይለኩ። የጨመሩት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ከእሱ የሚወጣው መርዛማ ናይትራይትም ዜሮ ሲሆን ለዓሣ ደርሷል። ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል።

የዓሣውን ቁጥር ከውጭ መጽሐፍ አይቅዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ የሚይዘው ውሃ እዚህ 6 ገደማ ይይዛል። ለ200 ሊትር ከ12 እስከ 15 ዜብራ ዳኒዮ ይበቃል፤ አምስት አምስት አድርገው በሁለት ሳምንት ልዩነት ያስገቧቸው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ምድሩ በውሃ ይጥለቀለቃል። ባለፈው ደግሞ ለ10 ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ ዓሦቹ ደህና ነበሩ፤ በማግሥቱ ግን ሞተው አገኘኋቸው። ሣጥኑ 120 በ50 ነው፣ ግማሹ ምድር ነው፣ ማጣሪያው ከውጭ የሚቀመጠው ዓይነት ነው።
— አንባቢ፣ አዳማ

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ቀላል ሒሳብ ነው። ፏፏቴዎ በላይኛው ገንዳና በቱቦው 9 ሊትር ያህል ይዟል እንበል። ፓምፑ ሲቆም ያ ሁሉ ወደ ታች ይመለሳል። ምድርዎ ከወለሉ ጀምሮ የተሞላ ከሆነ ውሃው የሚዘረጋበት ቦታ 60 በ50 ሴ.ሜ. ብቻ ነው፤ 9 ሊትር ደግሞ እዚያ ላይ 3 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል። ዳርቻዎ ከውሃው በ2 ሴ.ሜ. ብቻ የሚበልጥ ከሆነ የቀረው ወደ አፈሩ ይገባል። መፍትሔው የቱቦውን አፍ ከላይኛው ገንዳ የውሃ ገጽ በላይ ማድረግ ነው፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከተዘፈቀ ገንዳው እስኪደርቅ ይመጠጣል። አፉን ማንሣት የማይመች ከሆነ ቱቦው ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ 3 ሚሊ ቀዳዳ ይብሱ። መብራት ሲጠፋ ውሃው እስከ ቀዳዳዋ ይወርድና አየር ስትስብ ትንሽ ፉጨት ይሰማሉ፤ ያኔ መመጠጡ ቆመ ማለት ነው። ቀዳዳዋን በየወሩ በስቴኪኒ ይጥረጉ፤ አልጌ ይደፍናታል። ከዚያ መሰኪያውን ነቅለው ለ15 ደቂቃ ይፈትሹ፤ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በማርከር ያስምሩ፤ አፈሩ ከዚያ መስመር በላይ መጀመር አለበት።

ሁለተኛው ዓሣዎን የገደለው ነው። ከውጭ የሚቀመጥ የተዘጋ ማጣሪያ ሲቆም ውስጡ ያለው ባክቴሪያ የተረፈውን ኦክስጅን ይጨርስና ራሱም መሞት ይጀምራል። ከሰዓታት በኋላ በጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ የተበላሸ ነው። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ያንን ሁሉ አንድ ጊዜ ወደ ዓሦቹ ይተፋዋል። ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ ከጠፋ መብራቱ ሲመለስ በራሱ እንዳይነሣ ማጣሪያውን ይንቀሉት፤ ከፍተው ውሃውን ይድፉ፤ ስፖንጁን ከሣጥኑ በተቀዳ ውሃ ያለቅልቁ፤ ከዚያ ያስነሡ። በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ የቀረውን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። መብራት እስኪመጣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያብሩ፤ ዓሣውን አይመግቡ፤ ቀዝቃዛ ሌሊት ከሆነ ሣጥኑን ጋቢ ያልብሱት።

ጥያቄ፦ 120 በ60 በ90 የሆነ ሣጥን አለኝ። ቫምፓየር ሸርጣን፣ ሞርኒንግ ጌኮ የሚባለው ትንሽ እንሽላሊት፣ ዳርት እንቁራሪት፣ ሆዱ ቀይ የሆነው ጉርጥና ጉፒ አንድ ላይ ላኖር እችላለሁ? ውሃውን ሁለት ቀን አሳድሬ ነው የምጠቀመው።
— አንባቢ፣ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ከአምስቱ ሦስቱ አብረው ይኖራሉ። ጉርጡን ይተዉት፤ ከቆዳው የሚወጣው መርዝ ውሃ ውስጥ ይሟሟና ሌላውን ይጎዳል። ዳርት እንቁራሪትም ይቅር፤ ዋና አይሆንለትም፤ ሸርጣኑም ሌሊት ይቆነጥጠዋል። ከ2 ወይም 3 ሴ.ሜ. የማይጠልቅ ውሃ ያለው የራሱ ቤት ያስፈልገዋል።

የቀሩት ግን ፎቅ በፎቅ ይደላደላሉ፦ ጌኮው ከላይ፣ ሸርጣኑ በዳርቻው፣ ጉፒው በውሃው። ከአንድ ወይም ከሁለት ወንድ ጋር አራት ሴት ሸርጣን ያስገቡ። ቫምፓየር ሸርጣን ልጆቹን የሚያሳድግበት የባሕር ውሃ አይፈልግም፤ ያለቀላቸው ትንንሽ ሸርጣኖች ይፈለፍላል፤ ስለዚህ እዚያው ይራባሉ። ከእነሱ ጥቂቱን ጌኮው ይለቅማል፤ ይህን ተቀብለው ይግቡበት። ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፦ ጥፍረ ቀዩና ፊድለር የሚባለው ሸርጣን እንደ ንጹሕ ውሃ እንስሳ ይሸጣሉ፤ ሁለቱም ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ካላገኙ ውለው አድረው ይሞታሉ። ጌኮ ከአራት አይብለጥ፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ያለ ወንድም ይራባሉ። ሲፈለፈሉ በ2 ሚሊ ክፍተት ያልፋሉና የሽቦ ማስገቢያውንም የበሩን ጠርዝም ይድፈኑ።

ዳርቻው ሸርጣኑ በየትም በኩል ሊወጣበት የሚችል ይሁን። ይህ ሸርጣን ውሃ ውስጥ ቢገባም ወደ አየር መውጣት አለበት፤ ለስላሳ የመስታወት ግድግዳ ላይ ሲንጠላጠል ደክሞ ይሰጥማል። ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ተዳፋት በድንጋይ ይሥሩ፤ መስታወት ብቻ ባለበት ጥግ ደግሞ ከውሃው ወለል እስከ ምድሩ የሚደርስ ሻካራ ቅርንጫፍ ያስደግፉ።

ውሃ ማሳደሩ እርስዎ ዘንድ አይሠራም። የዋሽንግተን ዲሲና የአርሊንግተን የቧንቧ ውሃ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም በክሎሪንና በአሞኒያ ውህድ ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ እንደ ክሎሪን ተንኖ አይጠፋም። በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይለወጣል። ስለዚህ ክሎራሚንን ሰብሮ የሚቀረውን አሞኒያ ጭምር የሚያስር ማከሚያ ይግዙ፤ ክሎሪንን ብቻ የሚያጠፋው አሞኒያውን ይተውልዎታል። ለእርጥበት የሚረጩት ውሃ ግን ማዕድኑ የወጣለት ይሁን፤ አለበለዚያ መስታወቱ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በኋላ ምድሩ እንደ በሰበሰ እንቁላል መሽተት ጀመረ፤ ፈርኑም ከሥሩ ይጠቁራል። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው።
— አንባቢ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ አፈርዎ ውሃ እየጠጣ አየር አጥቷል። መስታወቱን ከጎን ይዩት፦ ከታች ጥቁር መስመር ካለ ያ ነው የሚሸተው። አሁን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሞስ የሚባለው ድንጋይ ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ አረንጓዴ ተክል ነው። ለውበት ተብሎ ከምድሩ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ግን ልክ እንደ ኩራዝ ክር ቀንና ሌሊት ወደ ላይ ይስባል። በጣትዎ ቢጫኑት ከውሃው 10 ሴ.ሜ. ርቆ እንኳን ይንጠባጠባል። በአፈርና በሞሱ መካከል 3 ሴ.ሜ. ባዶ ድንጋይ እንዲኖር ቆርጠው ያለያዩት። የአፈሩ መረብም ጫፉ ተንጠልጥሎ ውሃ ነክቶ እንደሆነ ይመልከቱ።

ከዚያ የውሃውን ከፍታ 4 ሴ.ሜ. ዝቅ አድርገው ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። የጠቆረውን አፈር እንስሳቱ ውስጥ እያሉ አይገልብጡት፤ ታምቆ የነበረው ጋዝ መርዛማ ነው። እንስሳቱን አውጥተው፣ መስኮት ከፍተው፣ አፈሩን አውጥተው ይጣሉት። ከፈርኑ ነጭና ጠንካራ ሥር ያለውን ብቻ ያትርፉ።

ጥያቄ፦ ከጣና ዳር ደንገልና ትንንሽ እንቁራሪቶች አምጥቼ ባስገባስ? የክረምት ዝናብስ ለሣጥኑ ይሆናል?
— አንባቢ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ደንገሉ ታንኳ የሚሠራበት ነው፤ ከ4 ሜትር በላይ ያድጋል፣ ሣጥንዎ አይችለውም። በምትኩ አኑቢያስ የሚባለውን የውሃ ተክል ድንጋይ ላይ አስረው ያስቀምጡ፤ መኒ ፕላንትም ሥሩን ብቻ ውሃ ውስጥ ቢተዉለት ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን ናይትሬት ይበላልዎታል።

እንቁራሪቶቹን እዚያው ይተዉአቸው። የዱር እንስሳ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ እንቁራሪቶችን በዓለም ዙሪያ የፈጀው የቆዳ ፈንገስ በኢትዮጵያ እንቁራሪቶችም ላይ ተገኝቷል፤ ከዱር ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ዱር በውሃ ይተላለፋል። በዚሁ ምክንያት የሣጥንዎን ውሃ ሲቀይሩ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አይድፉት፤ ሽንት ቤት ይጨምሩት።

የዝናብ ውሃ በጣም ጥሩ ነው፤ የሚወሰነው በጣሪያዎ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ያወጣል፤ ዚንክ ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን በትንሹም ይገድላል። ከቆርቆሮ ከሆነ የሚቀዱት ለሣጥኑ አይጠቀሙበት፤ በግቢው መሐል ንጹሕ ፕላስቲክ ዘርግተው በቀጥታ ይቀበሉት። ዝናቡ ከጀመረ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ ይልቀቁት፤ አቧራውን ጠርጎ የሚወርደው ያኔ ነው። የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ለመርጨትና የተነነውን ለመተካት ይጠቀሙበት፤ በየሳምንቱ የሚቀይሩትን ሩብ ያህል ውሃ ግን ባደረ የቧንቧ ውሃ ይተኩ።